ከመኪና ሥር የሚታይ ጠብታ ምንጩ እንዴት ይገኛል?

በሰባታሚት ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአሽከርካሪዎች የቀረበ ንግግር





የተሰጠኝ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ይመስል ይሆናል። መኪና ካደረበት ሲነሣ መሬት ላይ የሚቀረው እርጥበት ከየት እንደመጣ ስለማወቅ ነው። ነገር ግን የአጥቢያ ተሽከርካሪ እህል ያደርሳል፣ ሕሙም ወደ ሐኪም ቤት ይወስዳል፣ ካህናትን ለአገልግሎት ያመላልሳል። የሚንቀሳቀሰውም በምእመናን ገንዘብ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልግ ሆኗል።

አስቀድሜ የራሴን ስሕተት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአጥቢያችን ፒክአፕ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ጠብታው የሚወድቀው ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት መያዣ፣ ከኮፓው ጫፍ ነበርና፣ «የኮፓው ጓርኒሲዮን ነው» ብዬ ለኮሚቴው አስረዳሁ። ኮፓው ወርዶ ጓርኒሲዮኑ ተለወጠ፤ ገንዘቡም ተከፈለ። በሳምንቱ ጠብታው ተመልሶ መጣ። እንደገና ስንመረምር ዘይቱ የሚወጣው ከላይ፣ ከቴስታታው ክዳን ኋለኛ ጥግ ሆኖ ተገኘ። በሞተሩ ጀርባ ተንሸራትቶ እየወረደ ከኮፓው ጫፍ ላይ ይጠራቀም ነበር። የክዳኑ ጓርኒሲዮን ዋጋ ከመጀመሪያው ሥራ እጅግ ያነሰ ነበር። መካኒኩ ያዘዝነውን ሠርቷል፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ጠብታው የወደቀበትን አይቼ ምንጩን ያገኘሁ መሰለኝ።

ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲጓዝም ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ጠብታው ከታየበት በላይና ወደ ፊት ነው። የምንፈልገው ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚገኘውን እርጥብ ቦታ ነው። ፍለጋውም በአራት ደረጃ ይከናወናል።

አንደኛ፣ መኪናውን ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ። ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ዘርጉ፤ ጎማዎቹ የቆሙበትንም በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ጠዋት ካርቶኑን ስታወጡ ጠብታው በሞተሩ፣ በካምቢዮው ወይስ በጎማው አቅጣጫ እንደሆነ ምልክቱ ይነግራችኋል።

ሁለተኛ፣ ፈሳሹን ለዩ። ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚያንሸራትት የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ ብዙ ጊዜ የመሪ ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ወፍራምና ሽታው የሚከረፋ ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ይሆናል። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ያለው የራዲያተር ማቀዝቀዣ ነው፤ ይህ መርዝ ስለሆነ ሕፃናትና እንስሳት እንዳይቀምሱት ወዲያውኑ ይጠረግ። ነዳጅን ሽታው ያስታውቃል፤ ምንጩ እስኪገኝ ድረስ በአጠገቡ እሳት፣ ጧፍም ሆነ ሲጋራ አይቅረብ። ቀለምና ሽታ የሌለው ንጹሕ ውሃ ግን የአየር ማቀዝቀዣው (ኤሲው) ያንጠባጠበው ሊሆን ይችላል፤ ያ ብልሽት አይደለም።

ሦስተኛ፣ አጽዱ። በአሮጌ ዘይትና በአቧራ በተሸፈነ ሞተር ላይ አዲሱን ፍሳሽ ከአሮጌው መለየት አይቻልም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በጨርቅና በሳሙና ውሃ ጥረጉት፣ ኤሌክትሪክ ያለበትን ጠብቁ፣ ከዚያም አድርቁት። በተጠረጠረው ቦታ ላይ የሕፃናት ፓውደር ብትነሰንሱ ፈሳሹ የሄደበት መንገድ በነጩ ላይ ይታያል።

አራተኛ፣ አጭር መንገድ ነድታችሁ ተመለሱና በባትሪ መብራት ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ክሪክ ይንሸራተታል።

ስለ ራዲያተር ጥቂት ልጨምር። አካባቢያችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊትን ይዞ ፈሳሹ በቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ፈሳሹ በመንገድ ላይ ፈልቶ ይወጣል፤ ጠዋት ግን ካርቶኑ ደረቅ ይሆናል። ውሃው እየጎደለ ከሥር ምንም ካልታየ አስቀድማችሁ ክዳኑን መርምሩ። የሞተሩ ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ወይም ማርሚታው ያለማቋረጥ ነጭ ጭስ ካወጣ ውሃው ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ስለሆነ መኪናው ይቁም። ትኩስ ራዲያተርም ፈጽሞ አይከፈት።

ከሁሉ የሚያስፈራው የፍሬን ዘይት ነው። ጥርት ያለ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ የመኪናን ቀለም የሚልጥ ፈሳሽ ነው። ከጎማ በውስጥ በኩል ወይም ከፍሬን መርገጫው ሥር ከታየ መኪናው ከቆመበት አይነሣ። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት በጥበቃ የሚያገለግሉን አረጋዊ አባት ከኋላ ጎማ ሥር እርጥበት አዩ። በማግሥቱ ሁለት ካህናትና የኮሚቴው አባላት ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ተዘጋጅተው ነበር። ሾፌሩ «የሌሊት ዝናብ ነው» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ዝናብ በአንድ ጎማ የውስጥ በኩል ብቻ አይዘንብም» አሉት። ጎማው ሲወልቅ የፍሬኑ ፓምፕ እያፈሰሰ ነበር። ጉዞው አንድ ቀን ዘገየ፤ ያጉረመረሙም ነበሩ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደውን ያን ረጅም ቁልቁለት የምታውቁ ግን ያ እርጥበት ባይታይ ምን ይከተል እንደነበር ታውቃላችሁ።

ስለዚህ የፍሬን ዘይት ሲጎድል ሞልቶ መሄድን ልማድ አናድርግ። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ የዘይቱ መጠን በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ በቀናት ውስጥ ደጋግሞ ከጎደለ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። የሞተር ዘይትም እንዲሁ፤ እየጨመሩ መንዳት ጊዜ ይገዛል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም።

የተጠራቀመውን አሮጌ ዘይት ወደ ቦይ አንድፋ። ከዚህ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ወደ አባይ ወይም ወደ ጣና ይገባል። በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው ጣና እምቦጭ ብቻውን በቅቶታል። ዘይቱን በጀሪካን አጠራቅመን አሮጌ ዘይት ለሚሰበስቡ እናስረክብ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እያንዳንዱ አጥቢያ ለመኪናው አንድ ደብተር ይያዝ። ምን ያህል ዘይት፣ ውሃና የፍሬን ዘይት በየትኛው ቀን እንደተጨመረ ይጻፍበት። በየሳምንቱ አንድ ማታ ካርቶን ይዘርጋ። ኮሚቴውም ለጥገና ገንዘብ ከመፍቀዱ በፊት «ምንጩ ታይቷል ወይ? ያየውስ ማነው?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ በጊዜው ቢቀርብልኝ ኖሮ፣ ያንን ኮፓ ባላስወረድሁ ነበር።