ከዳሞታ ግርጌ ያለው ትምህርት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በጂኦግራፊ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 የመረጥነው ርእስ የመሬት መንቀጥቀጥና እሳተ ገሞራ ከምን እንደሚመጡ፥ ይህንንም ማወቅ ለእኛ ለወላይታ ልጆች ምን እንደሚጠቅም ነው። ብዙ ሰው ይህ ትምህርት ስለ ጃፓንና ስለ ኢጣልያ ብቻ የሚነገር፥ ለፈተና ተጠንቶ የሚረሳ ይመስለዋል። ነገር ግን መጽሐፉን ዘግተን በመስኮት ብንመለከት ትምህርቱን በፊታችን ቆሞ እናገኘዋለን።

በስተሰሜን ዳሞታ ይታያል። ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ያህል ከፍ ያለው ይህ ተራራ ከብዙ ዘመን በፊት እሳት የተፋ፥ ዛሬ ግን የበረደ ተራራ ነው። በጎኑ በሚገኘው ሞቼና ቦራጎ በሚባለው ዋሻ የተደረገው ቁፋሮ ከ40,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩበት እንደ ነበረ አስረድቷል። ሰዎቹ መሣሪያቸውን የሠሩት ባልጩት ከሚባለው መስተዋት ከሚመስለው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ይህም ድንጋይ ቶሎ የበረደ ቅልጥ ዐለት ነው። በዋሻውም ውስጥ የእሳተ ገሞራ አመድ ተነጥፎ ተገኝቷል። ፊታችንን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብንመልስ ደግሞ ምድሩ ወደ ሁምቦና ወደ ዓባያ ሐይቅ ቁልቁል ይወርዳል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ነው። የምድር ቅርፊት ተቀቅሎ እንደ ተሰነጠቀ የእንቁላል ቅርፊት በታላላቅ ቁራጮች የተከፈለ ነው፤ ሊቃውንትም እነዚህን ቁራጮች ፕሌት ይሏቸዋል። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር አህጉራት ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ ብሎ በ1912 እ.ኤ.አ. በተናገረ ጊዜ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ ከ50 ዓመት ያህል በኋላ ግን የውቅያኖስ ወለል በተመረመረ ጊዜ የነገሩ እውነትነት ታወቀ። በአገራችን የሥምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ደጋ በኑቢያ ፕሌት ላይ፥ ከሸለቆው ማዶ ያሉት የአርሲና የባሌ ደጋዎች ደግሞ በሶማሊያ ፕሌት ላይ ናቸው። ሁለቱም በየዓመቱ 5 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ። ይህ ከጥፍራችን እድገት እንኳ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሆኖም በ100 ዓመት ግማሽ ሜትር፥ በሚሊዮን ዓመት ግን 5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የተቦካ ሊጥ በሁለት እጅ ይዘን ብንለጥጠው መካከሉ ይሳሳል፥ ዝቅ ይላል፥ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ሥምጥ ሸለቆም የሆነው እንዲሁ ነው።

ቅርፊቱ በሳሳበት ቦታ ቅልጥ ዐለት ወደ ላይ መውጫ ያገኛል። ለምን አንዱ እሳተ ገሞራ በዝግታ እንደሚፈስ ሌላው ግን እንደሚፈነዳ ለማወቅ ወደ ማድ ቤት መግባት ይበቃል። ቀጭን ሽሮ በእሳት ላይ ሆኖ በቀስታ ይንተከተካል፤ ወፍራም ገንፎ ግን እንፋሎቱን አፍኖ ይይዝና በድንገት እየተፈናጠረ እጅ ያቃጥላል። በአፋር ያለው የኤርታ ሌ ቅልጥ ዐለት እንደ ሽሮው ቀጭን ነው። ከዚያው ከኤርታ ሌ አጠገብ ያለው ሃይሊ ጉቢ ግን ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈነዳ ጊዜ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን አልፎ እስከ ሕንድ አገር ደረሰ።

የመሬት መንቀጥቀጥስ? ሁለት የዐለት ግንቦች እየተሳሳቡ ሳሉ ስንጥቃቸው ላይ ተያይዘው ይቆያሉ፤ ኃይሉም እንደ ጎበጠ በትር ይጠራቀማል፤ በትሩ በተሰበረ ጊዜ ምድር ትናወጣለች። በ1953 ዓ.ም. የማጀቴ ከተማ፥ በ1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶ ከተማ በዚህ ፈርሰዋል። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ከጎረቤታችን ከሆሳዕና አካባቢ ተነሣ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት ተደጋግሞ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቀዬው አስነሣ፤ የካቲት 7 ቀን የደረሰውም 6.0 ሆኖ ተለካ።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። በጥር ወር 2008 ዓ.ም. በሐዋሳ የደረሰው መንቀጥቀጥ 4.3 ያህል ብቻ ነበር፤ ኃይሉ ከየካቲቱ ከሁለት መቶ እጅ አንዱን እንኳ አያህልም። ይሁን እንጂ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጎዱ። የጎዳቸውም በአብዛኛው የወደቀ ግድግዳ ሳይሆን በድንጋጤ መገፋፋትና ከፎቅ መዝለል ነበር። እነዚያ ወጣቶች የእኛ ታላላቆች ናቸው፤ እኛም ነገ እንደነርሱ በፎቅ ቤት የምናድር ነን። እንግዲህ ስለ ፕሌት መማር የፈተና ነጥብ ብቻ ሳይሆን የእግርና የእጅ፥ አንዳንዴም የነፍስ ነገር ነው ማለታችን ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ታናናሾቻችን ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። ምድር በተናወጠች ጊዜ በቤት ውስጥ ካላችሁ ወደ ደረጃ አትሩጡ፥ በመስኮትም አትዝለሉ፤ ዝቅ ብላችሁ ከጠረጴዛ ሥር ግቡ፥ ራሳችሁንና አንገታችሁን ሸፍኑ፥ የጠረጴዛውንም እግር አጥብቃችሁ ያዙ። ከቆመ በኋላ ሳትገፋፉ ወደ ሜዳ ውጡ። በውጭ ካላችሁ ከግንብና ከመብራት ሽቦ ራቁ። በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ይንቀጠቀጣል የሚል ወሬ ብትሰሙም አትመኑ፤ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ ሊናገር የሚችል ሊቅ በዓለም ላይ የለም።

መምህሮቻችንን ደግሞ በየመንፈቁ አንድ ጊዜ ይህን በተግባር እንድንለማመድ እንዲያደርጉልን በትሕትና እንለምናለን፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። ፎቅ የምትሠሩ ወላጆቻችንም ምሰሶና ብረቱን ስታስቀንሱ ከዚያ ሥር የሚተኛው ልጃችሁ መሆኑን አስቡ። የአገራችን የሕንፃ ደንብ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የተጻፈ ክፍል አለው፤ የሚጎድለው መፈጸሙ ነው።

አባቶቻችን ምድር ስትናወጥ ፈጣሪን ያስቡ ነበር። እኛም እናስባለን፤ ለማወቅ የሚችል አእምሮ የሰጠንም እርሱ ነውና። ይህች ምድር ለም አፈርን፥ ሐይቅንና ፍል ውሃን የሰጠችን በዚያው በሚያናውጣት ኃይል ነው። ስለዚህ አንሸሻትም፤ ጠባይዋን ዐውቀን እንኖርባታለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና አገራችንን ይባርክ።