የማን ምስጢር ነው?

ሴት አቅራቢ፦ አንዲት እናት ከቦረና ገጠር መካነ ሰላም ገብታ ተመረመረች እንበል። ገና ቤቷ ሳትደርስ አማቷ ውጤቱን ሰምተው ቢጠብቋትስ?

ወንድ አቅራቢ፦ እምነቷን መብላት ነው፤ ሕግም ይከለክለዋል። የ2016ቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል።

ሴት አቅራቢ፦ ግን «ቤተሰብ ነን» ሲሉት ባለሙያውን ይሉኝታ ይይዘዋል።

ወንድ አቅራቢ፦ ልክ ነሽ። ፈቃዱ ግን የእሷ ነው፤ ምን፣ ለማን፣ ለምን እንደሚነገር አውቃ ሳትገደድ የምትሰጠው። ሐሳቧን ብትቀይር ታነሳዋለች። ዝምታዋ እሺታ አይደለም።

ሴት አቅራቢ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት መጥታ የጤና ማህደሩን ስትገልጥ ጎረቤት ቡና ላይ ከተቀመጠ፣ እናትየዋን ገለል አድርጋ ትጠይቃት።

ወንድ አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ ለሐኪም የተነገረ ምስጢር እዚያው ይቅር። ለሌላ ከመንገራችን በፊት ባለቤቱን እንጠይቅ።