«አሁን ምን እያነበባችሁ ነው?»፦ ስለ አንባቢያን ወግና ስለ መጽሐፍ ዕድሜ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንዲት አጭር ጥያቄ ናት። ንባብን ለሥራ ወይም ለፈተና ሳይሆን ስለሚወዱት ብቻ የያዙ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ፣ የጤናና የቤተሰብ ነገር ከተጠያየቁ በኋላ፣ አንደኛው ሌላውን «አሁን ምን እያነበብክ ነው?» ይለዋል። ጥያቄዋ ቀላል ስለምትመስል በሥነ ጽሑፍ ጥናታችን ውስጥ ቦታ አግኝታ አታውቅም ማለት ይቻላል። እኔ ግን የመጽሐፍ ዕድሜ የሚረዝመውም የሚያጥረውም በአመዛኙ በዚህች ጥያቄና በምትከተላት መልስ እንደ ሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

አስቀድመን የጥያቄዋን ሰዋስው እንመልከት። «ምን አንብበሃል?» የሚለው ጥያቄ ያለፈውን ይመረምራል። ተጠያቂው ያከማቸውን እንዲቆጥር፣ የጎደለውን እንዲሰውር ያስገድደዋል፤ ፈተና ነው። «ምን እያነበብክ ነው?» የሚለው ግን ያላለቀ ድርጊትን ይጠይቃል። መላሹ መጽሐፉ ገና በእጁ ነው፤ መጨረሻውን አያውቅም፤ ፍርድ ለመስጠት አልደረሰም። ስለዚህ ሊል የሚችለው «እዚህ ደርሻለሁ፤ ይህ ነገር አስገርሞኛል፤ ይህኛው ደግሞ አልገባኝም» ብቻ ነው። በዚህች ጥያቄ ፊት ሊቁና ጀማሪው እኩል ይሆናሉ፤ አምስት መቶ መጽሐፍ ያነበበውም አምስት ያነበበውም አሁን በእጁ የያዘው አንድ መጽሐፍ ነውና። ያላለቀ ንባብን በፊት ለፊት መናገር የተለመደበት ማኅበር፣ አለማወቅን የማያሳፍር ማኅበር ነው።

ይህ ልማድ ከውጭ የመጣ እንዳይመስለን፣ በአገራችን ንባብ ምን ጊዜም ቢሆን የብቸኛ ሰው ሥራ ብቻ እንዳልነበረ እናስታውስ። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ልጅ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ የሚሸጋገረው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መምህሩና ጓደኞቹ እየሰሙት ነው። በመጽሐፍ ቤት ደግሞ የአንድምታ ትርጓሜ የሚሰጠው አንድ ቃል ተነሥቶ አንዱን ፍች ከተናገሩ በኋላ «አንድም» እያሉ ሌላውን በመጨመር ነው። «አንድም» የምትለዋ ቃል ትልቅ ትምህርት አላት፤ የቀደመውን ትርጓሜ ሳታፈርስ ለሚቀጥለው በር ትከፍታለች። ዛሬ አንባቢያን ተሰብስበው ስለ አንድ ልብ ወለድ ሲጨዋወቱ፣ አንዱ የገጸ ባሕርይውን አድራጎት በድህነት፣ ሌላው በኩራት፣ ሦስተኛው በፍቅር ቢተረጉመው፣ ሳያውቁት የሚሠሩበት ሥርዓት ይኸው የ«አንድም» ሥርዓት ነው።

የኅትመት ዘመን ሲመጣም ይህ የጋራ ንባብ አልተቋረጠም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. የታተመው በሮም ነበር። በአገር ውስጥ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በስሙ የሚታወቀውም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ወጣ። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን አንድ ጋዜጣ የአንድ ሰው ብቻ ንብረት ሆኖ ሊቀር አይችልም ነበር፤ አንዱ ያነብባል፣ በዙሪያው ያሉት ይሰማሉ፣ ከዚያም ይከራከራሉ። ከሩቅ አገር የመጣ ደብዳቤም እንዲሁ ፊደል የቆጠረ የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚነበብ ነበር።

የዚህ ልማድ ታላቁ ምስክር «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ ወፍራም መጽሐፍ ነበር፤ ገዝቶ ለማንበብ ገንዘብም ጊዜም ፊደልም የሚጠይቅ። በኋላ ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉ ፊደል ወዳልቆጠሩ ሰዎች ጆሮ ሁሉ ደረሰ። አንድ ክፍል ተተርኮ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ባለው ጊዜ፣ አድማጩ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ዕጣ እየገመተ፣ በፊታውራሪ መሸሻ እየሣቀና እየተቆጣ፣ ስለ ጉዱ ካሣ እየተከራከረ ይሰነብት ነበር። ያ የመጠባበቂያ ጊዜ ከትረካው ያላነሰ ዋጋ እንዳለው ልብ በሉ። አገር በሙሉ በአንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ «እያነበበ» ነበርና፣ «የት ደረሰ?» ተብሎ ሊጠየቅ የማይችል ሰው አልነበረም።

ተቃራኒ ሁኔታም አለ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ እንደ ወጣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። ከሰብሳቢዎች እጅ ያመለጡት ቅጂዎች ከታመነ ሰው ወደ ታመነ ሰው እየተላለፉ በድብቅ ተነበቡ። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ምን እያነበብክ ነው?» የምትለው ጥያቄ ቀላል አልነበረችም፤ የሚጠይቀውን ሰው ማንነት ሳያረጋግጡ አይመልሷትም። ያ መጽሐፍ በሕይወት የቆየው በመደብር መደርደሪያ አይደለም፤ አንባቢያን ስላመኑት፣ እርስ በርሳቸውም ስለተማመኑ ነው። ዛሬ በግልጽ ስንጠያየቅ ይህ ነጻነት በነጻ የተገኘ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባናል።

ሦስተኛው የንባብ ማኅበር መናኸሪያ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ነው። በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቴአትርና በለገሃር አካባቢ መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡትን፣ ደርድረው በክንዳቸው ተሸክመው ከካፌ ካፌ የሚዞሩትን አዟሪዎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ብዙ ተማሪዎች ዋጋው ሲከብዳቸው መጽሐፍ እየተከራዩ በማንበብ አድገዋል። ነጋዴው ገንዘብ ለማግኘት የቆመ ቢሆንም ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል፤ ማን ምን እንዳነበበ፣ ማን ምን እንደሚፈልግ፣ የትኛው መጽሐፍ ከገበያ እንደ ጠፋ በቃሉ ይዟል። «ያንን ከወደድህ ይህንንም ተመልከት» ሲል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያን ሥራ እየሠራ ነው። በእሱ በኩል የማይተዋወቁ አንባቢያን መጽሐፍ ይቀባበላሉ፤ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፈው የቀድሞው ባለቤት አስተያየትም ለአዲሱ ባለቤት የ«ምን እያነበብክ ነው» መልስ ሆኖ ይደርሰዋል።

እንግዲህ ስለ ዛሬው የአንባቢያን ስብሰባ ልናገር። በየከተማው በካፌ፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በሰው ቤት ቡና እየተጠጣ መጽሐፍ ወዳጆች ይገናኛሉ። የሁለት ዓይነት ስብሰባዎች ልምድ አለ። በአንደኛው ሁሉም አንድ መጽሐፍ አንብቦ ይመጣል፤ አንድ ሰው ዳሰሳ ያቀርባል፤ ውይይት ይከተላል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያልጨረሰ ሰው ይቀራል፣ የመጣውም አፉን ይዞ ይቀመጣል። በሁለተኛው ዓይነት እያንዳንዱ በእጁ ያለውን መጽሐፍ ይዞ ይመጣና በየተራ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል። አንዱ የታሪክ መጽሐፍ፣ ሌላዋ የግጥም መድበል፣ ሌላው የንብ እርባታ መመሪያ፣ ሌላዋ የልጆች ተረት ይዛ ልትመጣ ትችላለች። የዚህ ዓይነቱ ስብሰባ ጥቅም ማንም በሌላው ምርጫ አለመገደዱ ነው፤ አንባቢው በራሱ ፈቃድ የማያገኘውን ዘርፍም በጓደኛው አፍ ይተዋወቃል።

መልካም መልስ ምን እንደሚመስልም ጥቂት ልበል። «ደስ የሚል መጽሐፍ ነው» የሚለው መልስ አድማጩን የትም አያደርሰውም። መልካም መልስ ሦስት ነገር አለው፤ መጽሐፉ እንዴት ወደ አንባቢው እጅ እንደ መጣ፣ አሁን የት እንደ ደረሰ፣ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንዳቆመው። ከእነዚህ ሁሉ የምትበልጠው የመጨረሻዋ ናት። «አርባኛው ገጽ ላይ አባትየው ዝም አለ፤ ለምን ዝም እንዳለ እያሰብሁ ነው» ያለ ሰው፣ አድማጮቹን ከመጽሐፉ ውስጥ አስገብቷቸዋል። መጨረሻውን ለሌላው አለመንገር ደግሞ የቆየ ጨዋነት ነው፤ የሌላውን ሰው ጉዞ ማክበር ነውና። እንደዚሁም «ጀምሬው ነበር፣ ተውሁት» ማለት የሚያሳፍር ሊሆን አይገባም። ለምን እንደ ተወው የሚናገር አንባቢ፣ ጨርሶ ምንም ከማይናገረው ይልቅ ለደራሲውም ለጓደኞቹም ይጠቅማል።

አደጋዎችም አሉ። የመጀመሪያው የታይታ ንባብ ነው። ጥያቄዋ ከወዳጅነት ወጥታ መመዘኛ ስትሆን፣ ሰው የሚያነበውን ትቶ ቢያነበው የሚያስከብረውን መናገር ይጀምራል። በወር ስንት መጽሐፍ እንደ ጨረሰ የሚቆጥርም ቀጫጭኑን መምረጥ ይጀምራል። ሁለተኛው አደጋ የጥቂት ስሞች መደጋገም ነው። ሐዲስ፣ በዓሉ፣ ስብሐት ሁልጊዜ ሊነበቡ የሚገባቸው ደራሲያን ናቸው፤ ነገር ግን መድረኩን ሁሉ እነርሱ ከያዙት፣ ትናንት የመጀመሪያ መድበሏን በራሷ ወጪ ያሳተመችው ገጣሚ ማን ያነብባታል? በእኛ አገር ብዙ ደራሲ የሚያሳትመው በገዛ ገንዘቡ ነው፤ ሰፊ የማስታወቂያ አቅም የለውም። ለእርሱ የአንባቢ አፍ ብቸኛው ማስታወቂያ ነው። የአንባቢያን ወግ ሲነጥፍ የሚጎዳው በመጀመሪያ ይህ ሰው ነው። ሦስተኛው አደጋ በአንድ ቋንቋ መወሰን ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እንዲካሄድ መደረጉ፣ አንባቢው ብዙ ልሳን እንዳለው የታወቀበት ጊዜ ነበር። በአንድ ስብሰባ አንዱ የአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው የትግርኛ፣ ሌላዋ የአማርኛ መጽሐፍ ይዛ ብትመጣና ስለያዘችው ብትነግረን፣ ትርጉም ሊጠይቅ የሚገባው መጽሐፍ የትኛው እንደ ሆነ ከዚያ እናውቃለን።

አሁን ወደ ፋኩልቲያችን ጉዳይ ልመለስ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳትመው ነበር፤ በ1920 ዓ.ም.ም አስፍተው አቀረቡት። ምን መጻሕፍት እንዳሉን የምናውቀው እንዲህ ያሉ ትጉሃን ስለ ጻፉልን ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ደራሲያን ሕይወት፣ ስለ ሥራዎቻቸው አወቃቀርና ጭብጥ ብዙ ጥናት ተሠርቷል። ማን ምን እንዳነበበ፣ የት ሆኖ እንዳነበበ፣ ምን እንዳለ ግን እጅግ ጥቂት እናውቃለን። የሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ተናጋሪ እንጂ ሰሚ የሌለው ጭውውት መስሏል።

ሌላ አገር የተሞከረ ነገር አለ። በብሪታንያ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ አንድ ሥራ፣ ከ1450 እስከ 1945 ባለው ዘመን የነበሩ ሰዎች በማስታወሻቸው፣ በደብዳቤአቸውና በግለ ታሪካቸው ስላነበቡት ነገር የተዉትን ምስክርነት በአንድ መዝገብ ሰብስቧል። ባለቤቶቹ ሁሉ ታዋቂ አልነበሩም። አንድ ሠራተኛ በምሽት ምን እንዳነበበ የጻፈው አንድ መስመር፣ ዛሬ ለታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ ሆኖለታል።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ምስክርነት በብዛት ያለው በቃል ነው፤ በቃል ያለ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። የሬዲዮ ትረካውን በልጅነታቸው የሰሙ፣ በየቀበሌው የንባብ ክፍል መጽሐፍ የተዋሱ፣ የተከለከለ መጽሐፍ በእጃቸው ያለፈ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። የምንጠይቃቸው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጥናታቸው ርእስ ሲፈልጉ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ አንባቢን ፈልገው የንባብ ታሪካቸውን እንዲመዘግቡ። «አባባ፣ እርስዎ በወጣትነትዎ ምን ያነቡ ነበር? መጽሐፉንስ ከማን አገኙት?» ብሎ መጀመር ይበቃል። ሁለተኛ፣ በየስፍራው የሚሰበሰቡ አንባቢያን አንድ ተራ ደብተር እንዲይዙ፤ ቀን፣ የመጽሐፉ ስም፣ አንባቢው የደረሰበት ገጽና የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍበት። የአንባቢው ስም ባይጻፍም ግድ የለም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስለ ዘመናችን ሥነ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው፣ ከብዙ የሒስ ጽሑፍ ይልቅ ያንን ደብተር ይፈልገዋል።

ክቡራትና ክቡራን፤ መጽሐፍ ሲታተም ግማሽ ሥራው ተሠርቷል። ቀሪው ግማሽ የሚሠራው አንዱ ለሌላው «ይህን እያነበብሁ ነው» ሲል ነው፤ ለዚህ ደግሞ ገንዘብም ማዕረግም አያሻም። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ አጠገባችሁ ያለውን ሰው እንድትጠይቁት፣ መልሱንም ሳትቸኩሉ እንድትሰሙ አደራ እላለሁ።