የራስ ክምር እንግዳ

አዕዋፍን ወደ ግቢው ለመጥራት የሚሻ ሰው ጥሬ ከመበተኑ አስቀድሞ በአጥሩ ሥር የበቀለውን ራስ ክምር እንደ አረም ቆጥሮ እንዳይነቅለው እንለምነዋለን፤ በደጋው ምድር፣ በአዲስ አበባም ጭምር፣ ያ ብርቱካንማ አበባ ወለላ ለምትቀስመው ለተከዜ ወፍ የተዘረጋ ማዕድ ነውና። ይህች ወፍ፣ በ1814 እ.ኤ.አ. በሥነ ፍጥረት ሊቃውንት መዝገብ ስትገባ፣ ስሟን ከወንዛችን ከተከዜ ወስዳለች። ወንዱ በጥላ ሥር ሲያዩት ጥቁር ብቻ ይመስላል፤ ፀሐይ የነካችው እንደ ሆነ ግን፣ የላባው ኅብር ከብርሃን ነጸብራቅ የሚወለድ ነውና፣ ሐምራዊ ግርማው ወዲያው ይገለጣል። ቆልማማ ምንቃሩን ወደ አበባው ጉሮሮ ሲሰድ ብናኙ በግንባሩ ላይ ይቀርና ወደሚቀጥለው አበባ ይሻገራል። ጫጩቶቹ ግን በወለላ ብቻ አያድጉም፤ ሸረሪትና ጥቃቅን ነፍሳት ይሻሉ። ስለዚህ ግቢውን በመርዝ እየረጨ «ወፍ ጠፋ» ብሎ የሚያማርር ሰው (እንዲህ ያለ ጎረቤት መቼም አይታጣም) ሲሳያቸውን የነጠቀ እርሱ ራሱ ነው። ውሃ በዝርግ ሳሕን ማኖርም መልካም ነው፤ ጥልቀቱ ከአንድ ጣት አይብለጥ፣ ጠዋት ጠዋት ይለወጥ፣ ድመት ከምታደባበትም ቁጥቋጦ ይራቅ።