ነፃ የተባለው ጨዋታ እና ከሥር የረጠበው እህል
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

  

ከጥቂት ወራት በፊት ከመግሪብ ሰላት በኋላ አንዲት አሮጊት እናት የልጅ ልጃቸውን እጁን ይዘው መስጊዱ በር ላይ ጠበቁኝ። ልጁ 11 ዓመቱ ነው። «ሼኽ፣ ይህን ልጅ ይምከሩልኝ፤ የእናቱን ላብ ሰርቆ ጨረሰው» አሉኝ። የልጁ እናት ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ለዓረፋ የራሷን አሮጌ ስልክ ላከችለት። ስልኩ ላይ ግን የባንክ ካርዷ እንደተመዘገበ ቀርቶ ነበር። ልጁ በነፃ በወረደ ጌም ሲጫወት ከርሞ በ3 ሳምንት ውስጥ የደመወዟን ግማሽ ያህል አውጥቶታል። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ የዳቦ ዋጋ በምታክል በትንንሽ ሒሳብ ነው።

ልጁን ለብቻው አስቀምጬ «ለምን ገዛህ?» ብዬ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ «ሼኽ፣ አንድ ብቻ ነበር የቀረኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብጠይቀው ሌላ መልስ አልነበረውም። ይህችን «አንድ ብቻ» የምትል ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እውነቱን ልንገራችሁና፣ ጌሙን በራሴ ስልክ ላይ ጫንኩት። ያላየሁትን ነገር ልመክር አልፈለግኩም። የመጀመሪያዎቹ 20 ደረጃዎች እንደ ውኃ ፈሰሱ። ስልኩ በየመሐሉ «ጎበዝ!» እያለ ያጨበጭብልኛል። ሰው እንዲህ በቀላሉ ሲሞገስ ደስ ይለዋል፤ እኔም ደስ አለኝ። ሠላሳዎቹ ላይ ስደርስ አንድ ደረጃ አላሳልፍ አለኝ። አራት ቀን እዚያው ቆምኩ። በሰፊ ልዩነት ብሸነፍ ኖሮ እተወው ነበር፤ ግን ሁልጊዜ የምሸነፈው አንድ ወይም ሁለት ሲቀረኝ ነው። ወዲያው አንዲት የምታብረቀርቅ ቁልፍ ብቅ ትላለች፦ ትንሽ ከከፈልክ አምስት ተጨማሪ እድል አለህ። በሦስተኛው ቀን ከዚህች ቁልፍ ጋር ስፋጠጥ ዐስር ደረሰና ሙአዚኑ ሌላ ሰው አስቀድሞ ሰላቱ ተሰገደ። ጀመዓው አሞኝ መስሎት ሊጠይቀኝ መጣ። ያፈርኩት ማፈር አሁንም አልለቀቀኝም።

እኔ አርባ ዓመት ያለፈኝ፣ ካርድም ያልተመዘገበበት ስልክ የያዝኩ ሰው ነኝ። ያ የ11 ዓመት ልጅ ምን ይሁን?

ወደ አሠራሩ እንግባ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን «ካንዲ ክራሽ ሳጋ» እንውሰድ። ኪንግ የተባለ ኩባንያ በ2012 ያወጣው፣ ከረሜላ መሳይ ቅርጾችን ሦስት ሦስት አድርጎ የማገጣጠም ጨዋታ ነው። ለመጫን ገንዘብ አይጠይቅም። አምስት «ላይፍ» ይሰጣችኋል፤ አንዱን ካጣችሁ ሌላው እስኪመጣ 30 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ ወይም ትገዛላችሁ። በየደረጃው የተቆጠረ እንቅስቃሴ አለ። ሲያልቅ ተጨማሪ አምስት እንቅስቃሴ በወርቅ ጡብ ይሸጣል፤ የወርቅ ጡቡ ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል። ያለ ክፍያ የሚጫወቱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ይህን ነፃ ጨዋታ የሚሠራው ኩባንያ በ2016 በ5.9 ቢሊዮን ዶላር ተሽጧል። ነፃ ነገር የሚያድል ሱቅ ይህን ያህል ዋጋ አያወጣም።

የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 የዚሁ ጌም ተጫዋቾችን አጥንተው ነበር። ለጥቂት የተሸነፈ ሰው ይበልጥ ይናደዳል፤ ይበልጥም «ልቀጥል» ይላል። በቁማር ማሽኖች ላይ ከታወቀ የቆየ ነገር ነው። የልጁ «አንድ ብቻ ቀረኝ» የምትል ቃል ያለችው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ልብ በሉ። በሜዳ ላይ ኳስ ስንጫወት ጎሉ አይጠብም፣ አይሰፋም። ዳማ ስንጫወት ጠጠሩ ተቆጥሮ የታወቀ ነው። በእነዚህ ጌሞች ግን ስንት እንቅስቃሴ እንደሚሰጥ፣ ከላይ የትኛው ቅርጽ እንደሚወርድ፣ የትኛው ደረጃ ላይ ሰው እንደሚጣበቅ የሚወስነው ሠሪው ነው። መቀየርም ይችላል። ለግማሹ ተጫዋች 22 እንቅስቃሴ፣ ለግማሹ 20 ሰጥቶ የትኛው ወገን ተሰላችቶ ሄደ፣ የትኛው ከፈለ ብሎ መቁጠር በዚህ ንግድ ውስጥ የተለመደ ሥራ ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በሚባለው ትልቅ ኩባንያ የሚሠሩ ባለሙያዎች በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ተጫዋቹ ሊተው ሲል ክብደቱን በራሱ የሚያስተካክል ዘዴ በማገጣጠም ጌም ላይ ሞክረው የተጫዋቹ ቆይታ እስከ 9 በመቶ መጨመሩን ጽፈዋል። ለፍትሕ ስንል፣ ወጪውን ግን እንዳልለወጠው አብረው ጽፈዋል። አክቲቪዥን የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ2017 ያገኘው የፈጠራ መብት አለ። ጀማሪውን ጥሩ መሣሪያ ከያዘ ጎበዝ ጋር በማጋጠም፣ መሣሪያውን እንዲመኝና እንዲገዛ የሚያደርግ ዘዴ ነው። ኩባንያው በጌሞቻችን ላይ አልተጠቀምንበትም ብሏል። ይሁን። ዘዴው ግን ታስቦ፣ ተጽፎ፣ መብት ወጥቶለታል።

የባሰም አለ። በ2014 የወጣው የስልኩ «ደንጀን ኪፐር» አንዱን ድንጋይ ቆፍሮ ለማንሳት ሰዓታት ያስጠብቅ ነበር፤ ለሚከፍል ብቻ ወዲያው ይነሳል። የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በዚያው ዓመት «ነፃ» የሚለው ማስታወቂያ አሳሳች ነው ብሎ ወስኗል፤ ሳይከፍሉ ምን ያህል እንደሚያጉላላ አልተገለጸማ።

ገንዘቡስ ከማን ይመጣል? ስወርቭ የተባለ ድርጅት በ2014 ባወጣው ቆጠራ፣ ከሽያጩ ግማሹ የመጣው ከተጫዋቾቹ 0.15 በመቶ ከሚሆኑት ብቻ ነው። ይህ ማለት ከ2,000 ሰው ሦስቱ ማለት ነው። አብዛኛው በነፃ ይጫወታል፤ ሦስቱ ይነጫሉ። ከሦስቱ አንዱ ሀብታም ይሆናል። ሌላው ግን እጁን መግታት ያቃተው ሰው ወይም የእናቱን ካርድ የያዘ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ወደ ዲናችን ስንመጣ፣ ብዙ ሰው «ሼኽ፣ ጌም ሐራም ነው?» ብሎ በአንድ ቃል መልስ ይፈልጋል። እኔ በአንድ ቃል አልመልስም። ዋጋው ታውቆ አንዴ የሚገዛ ጌም፣ ይዘቱ ንጹሕ ከሆነና ከግዴታ ካላዘናጋ፣ እንደ ማንኛውም ዕቃ ግዢ ነው። ከፍለህ ምን እንደሚደርስህ የማታውቅበት፣ በዕጣ የሚወጣ ሣጥን የሚሸጥበት ግን በእኔ አመለካከት ከመይሲር አይርቅም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ ከአስካሪ መጠጥ ጋር አያይዞ የከለከለው ቁማር ነው። ቤልጂየም የሙስሊም አገር አይደለችም፤ እሷም በ2018 እነዚህን ሣጥኖች በቁማር ሕግ ሥር አድርጋቸዋለች።

ሆን ብሎ ማክበዱ ግን ከቁማር ይልቅ ማጭበርበር ነው የሚመስለኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገቡ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ መትቶት ነው አለ። እሳቸውም ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ወቀሱት። በሙስሊም ዘገባ የተላለፈ የታወቀ ሐዲስ ነው። እህሉ መርጠቡ አልነበረም ጥፋቱ፤ ደረቁን ከላይ አድርጎ እርጥቡን መሸፈኑ ነው። የእነዚህ ጌሞች የመጀመሪያ 20 ደረጃ ከላይ ያለው ደረቅ እህል ነው። በከተማችን እንደሚወራው ሌሊት መንገድ ላይ ምስማር በትኖ ጠዋት ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ቢኖር ምን እንለዋለን? ለጥገናው የሚያስከፍለው ዋጋ ተመጣጣኝ ቢሆንም እንኳ ምስማሩን የበተነው እሱ ነው።

ይህ የእኔ ግንዛቤ እንጂ ፈትዋ አይደለም። ከእኔ የሚበልጡ ዑለማዎች አሉ፤ ጠይቁ።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ስልክ ለልጅ ከመስጠታችሁ ወይም ወደ አገር ቤት ከመላካችሁ በፊት ካርዱን አጥፉ፤ የራሳችሁንም አካውንት አውጡ። በተለይ ዓረብ አገር ያላችሁ እኅቶች ይህን አደራ። ካርዱ የግድ መኖር ካለበት ለእያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አስተካክሉት፤ ቃሉንም ልጁ አይወቅ። ሳታውቁት ከተወሰደባችሁ ዝም አትበሉ፣ ቶሎ ብላችሁ ጥያቄ አቅርቡ። አፕል በ2014 ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ለገዙት ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ የተስማማው፣ የአሜሪካ ወላጆች ስለጮኹና የአገራቸው የንግድ ኮሚሽን ስለተከታተለው ነው። ከሁሉም በላይ ግን ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ተጫወቱ። የሚጣበቅበትን ቦታ ስታዩ «እዚህ ጋ ለምን የከበደ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጆች ከምናስበው በላይ ይገባቸዋል፤ መታለልም እንደ እኛ ያናድዳቸዋል።

ወደ ልጁ ልመለስ። ለአያቱ «እናቴ፣ ያለ ፈቃድ የሰው ገንዘብ መንካቱ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ ይጠይቃል። ሌባ ግን አይበሉት። እኔም ያን ቦታ አይቼዋለሁ» አልኳቸው። ስልኩን ሪያድ ደውለን ልጁ ራሱ እያለቀሰ ለእናቱ ነገራት። እሷ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ከእጅህ የጠፋው የእኔ አምስት ጁምዓ ነው» አለችው። በሳምንት ያላት የዕረፍት ቀን ጁምዓ ብቻ ነውና፣ ገንዘቡን ለመተካት በዕረፍቷ ሌላ ቤት ልትሠራ ነው ማለት ነው። ለኩባንያው ጽፈን ከወጣው ጥቂቱ ተመልሶላታል፤ የቀረው ቀርቷል።

ባለፈው ጁምዓ ልጁ ከሰላት በኋላ ሮጦ መጣና በጆሮዬ «ሼኽ፣ ያን ደረጃ አለፉት?» አለኝ።

«አላለፍኩትም፤ አጥፍቼዋለሁ» አልኩት።

«እኔም» አለኝ።