መውረጃ የሌለው መንገድ

የዛሬው ወጋችን ስለ እግር ነው፤ ስለ እግርና እግር ስለሚረግጠው መሬት።

ሰሞኑን ከዝቋላ ተመለስኩ። ዝቋላ ስል ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን ባለ ገዳሙን ተራራ አይደለም። በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ወዲያ፣ ተከዜን ተንተርሶ ያለውን ወረዳ ነው። ከተማው ጽጽቃ ይባላል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። የተከዜ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ደግሞ ሲሞላ ውኃው 1,140 ሜትር ላይ ይደርሳል። እንግዲህ ከሰቆጣ ደጋ ተነስቶ እስከ ተከዜ የሚወርድ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ሲመለስ ያው ቁልቁለት ዳገት ይሆንበታል።

መኪናችን ከቆመበት እስከ አንዲት መንደር በእግር ነበር የምንሄደው። መንገድ የሚመሩኝ አባት ሰባውን ያለፉ ናቸው። ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው፣ የፕላስቲክ ጫማ ተጫምተው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። እኔ ጥሩ የስፖርት ጫማ አድርጌ እከተላለሁ። የመጀመሪያዋን ዳገት አብሬያቸው ወጣሁ። አዲስ አበባ በሳምንት አራት ቀን ትሬድሚል ላይ ስለምሮጥ ትንፋሼ አልከዳኝም። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን እሳቸው ራቁኝ።

አረማመዳቸውን ልብ ብዬ ተመለከትኩ። እርምጃቸው አጭር ነው። ጉልበታቸው ቀጥ ብሎ አይገተርም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ሸብረክ እንዳለ ነው። እግራቸው ድንጋዩን መጀመሪያ ይነካዋል። ከተነቃነቀ ይተወዋል፤ ከጸና ያን ጊዜ ክብደታቸውን ይጥሉበታል። ይህ ሁሉ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያልቃል። ዓይናቸው የሚያየው እግራቸው ሥር ያለውን ሳይሆን ሦስት አራት እርምጃ ቀድሞ ያለውን ነው። በዚህ መሀል ከታች ካለው የፍየል እረኛ ጋር በኽምጣና ቋንቋ እየተጣሩ ያወራሉ።

ከአንዲት ግራር ጥላ ሥር አረፍ ስንል፣ «ከተማ ስትኖር እግርህን በምን ታፍታታዋለህ?» አሉኝ። ስለ ማሽኑ ነገርኳቸው። «ከሥር የሚሽከረከር ጨርቅ መሳይ ነገር አለው አባቴ፤ እሱ ወደ ኋላ ሲሄድ እኔ ወደ ፊት እራመዳለሁ፤ ግን እዚያው ነኝ።»

ዝም ብለው አዳመጡኝ። «ዳገት አለው?»

«አለው። ቁልፉን ስነካው ከፊቱ ቀና ይላል።»

«መውረጃስ?»

አሰብኩ። እኔ የምሮጥበት ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አያዘነብልም። «የለውም» አልኳቸው።

«ታዲያ ጉልበትህ መውረድን ከየት ይማረው፣ ልጄ?»

አድማጮቼ፣ ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የተመለስኩት።

ማሽኑን አላማውም። ብዙ ሰው ትሬድሚል ላይ መሮጥ ቀላል የሚመስለው ጨርቁ እግርን የሚጎትትለት ስለሚመስለው ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ፍጥነቱ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ እግራችን የሚሠራው ሥራ ሜዳ ላይ ከሚሠራው ብዙም አይለይም። የሚጎድለው ፊት ለፊት የሚገፋን አየር ነው። ጆንስና ዳውስት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ማሽኑን 1 በመቶ ብቻ ቀና ማድረግ ይህን ጉድለት እንደሚያካክስ አሳይተዋል። ስለዚህ በማሽን ላይ የወጣ ላብ የእውነት ላብ ነው።

የማሽኑ ታሪክ ግን መራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 ዊልያም ኪዩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እስረኞች ቀኑን ሙሉ የሚረግጡትን ትልቅ ባለ ደረጃ መንኮራኩር ሠራ። የማያልቅ ደረጃ መውጣት ቅጣት ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አሜሪካዊው የልብ ሐኪም ሮበርት ብሩስ የሚሽከረከረውን መራመጃ ለሕክምና አዋለው። ታማሚው ደረቱ ላይ የልብ ምት መከታተያ ተለጥፎለት ይራመዳል፤ በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል፤ ሐኪሙ የታማሚው ልብ ጭንቅ ሲገባው የሚያሳየውን ምልክት ይከታተላል። ይህን ምርመራ ተራራ ላይ ማድረግ አይቻልም። ከሕመም ለሚያገግም፣ በምሽት ብቻዋን መንገድ ላይ ለመሮጥ ለምትሰጋ ሴት፣ ቤቱ የመኪና ጭስ ከማይለየው አስፋልት ዳር ለሆነ ሰው ማሽኑ ባለውለታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ያን ደቂቃ በማሽን የሞላ ሰው ይመስገን።

የአባቴ ጥያቄ ግን አሁንም መልስ ይፈልጋል።

ዳገት ስንወጣ የጭናችን ጡንቻ እየተኮማተረ ይገፋናል። ስንወርድ ያው ጡንቻ እየተለጠጠ ይይዘናል፤ ፍሬን ይሆናል ማለት ነው። መውረድ ትንፋሽ አይጨርስም፤ ጡንቻን ግን ያስጨንቃል። ለዚህ ነው ቁልቁለት ያልለመደ ሰው በማግሥቱና በሠልስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው። እኔም ሰቆጣ ባደርኩበት ሌሊት ጭኔ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ደግነቱ ጡንቻ ትምህርቱን ቶሎ አይረሳም፤ አንድ ጊዜ የወረደ እግር በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ቢወርድ ሕመሙ በጣም ይቀንስለታል።

በኦስትሪያ ተራሮች ሃይንዝ ድሬክሰል የተባሉ ሐኪም የሠሩት ጥናት እዚህ ላይ ይነሳል። ሰዎችን ሁለት ወር ተራራውን በእግር አስወጥተው በገመድ ተንጠልጣይ መኪና አወረዷቸው፤ ሌላ ሁለት ወር ደግሞ በገመዱ አስወጥተው በእግር አወረዷቸው። መውጣቱ ደም ውስጥ ያለውን ስብ ቀነሰ። መውረዱ ደግሞ ሰውነት ስኳርን የማስተናገድ አቅሙን አሻሻለ። ዳገትና ቁልቁለት ለካ የተለያየ መድኃኒት ናቸው፤ የእኔ ማሽን የሚሰጠኝ አንዱን ብቻ ነው።

ድንጋዩም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ወጣ ገባ መሬት የሰውን ጉልበት ምን ያህል እንደሚወስድ ማወቅ ፈልገው የትሬድሚሉ ጨርቅ ላይ የእንጨት ቁርጥራጭ ለጠፉበት። ከፍታው ከ2.5 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በዚያ ላይ የተራመደ ሰው በለስላሳው ላይ ከሚራመደው 28 በመቶ የበለጠ ጉልበት አወጣ። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ዳሌ፣ ሁሉም በየእርምጃው አዲስ ነገር ስለሚገጥማቸው ነው። የዝቋላ ጠጠርና ቋጥኝ ያለ ማጣበቂያ ይህን ሲያስተምር ኖሯል።

ሯጮቻችን ይህን ያውቁታል። ማለዳ እንጦጦ ጫካ የወጣ ሰው አይቷቸዋል፤ በባሕር ዛፉ መሀል እየተጠማዘዙ፣ በሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ ይሮጣሉ። ከፊት ያለው ጉቶና ድንጋይ ሲያይ ለኋለኛው በእጁ ያመለክታል። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ፣ ያ እግር መሬትን በቆዳው ያጠና እግር ነበር።

ነገር ግን አድማጮቼ፣ የገጠሩን መንገድ ከሩቅ ሆኜ ማሞገስ አልፈልግም። በዚያው ቁልቁለት ላይ አንዲት እናት አገኘን። ሃያ ሊትር ጄሪካን በጀርባዋ አዝላ፣ ገመዱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ዳገቱን ትወጣለች። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው። ሁለት እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር። አባቴ ከመንገዱ ወረድ ብለው አሳለፏት፤ «በርቺ ልጄ» አሏት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ ለመልስ የሚተርፍ ትንፋሽ አልነበራትም። ይህ ስፖርት አይደለም። ስፖርት ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ወዶ የሚሠራው ነው። ሲደክመው ያቆማል። እሷ ማቆም አትችልም። የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚሁ አገር ስም ተሰይሟል። የጎደለው ምግብና ንጹሕ ውኃ እንጂ እርምጃ እንዳልሆነ ቃል ኪዳኑ ራሱ ይናገራል። የውኃ ቦኖ ደጇ ድረስ የመጣላት ቀን፣ ያ ዳገት ለእሷም የመዝናኛ መንገድ መሆን ይችላል። ያን ቀን እንመኝላት፤ መመኘት ብቻም ሳይሆን ድርሻችንን እንወጣ።

እኛ በከተማ ያለነው ግን ሰበብ የለንም። ውኃው ቧንቧ ውስጥ ነው፤ መንገዱ ደጃችን ነው። ሰቆጣም ሆነ ደሴ፣ ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ የተሠሩት በዳገትና በቁልቁለት ላይ ነው። እኛ ዳገቱን በባጃጅ፣ ቁልቁለቱን በአሳንሰር ጨረስነው። ማሽን ያላችሁ በማሽናችሁ ቀጥሉ። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ግን ሰፈራችሁ ያለውን አቀበት ውጡና በእግራችሁ ውረዱ። ጀማሪ ከሆናችሁ ጥቂት በጥቂት ይሁን፤ ቁልቁለት ቀስ ብሎ ለሚመጣ ደግ ነው። ጉልበታችሁ ወይም ልባችሁ ሕመም ካለው ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሽማግሌ ወላጆቻችሁንም ይዛችሁ ውጡ። ሰው በስተርጅናው የሚወድቀው ሲወጣ ብቻ አይደለም፤ ሲወርድም የሚይዘው ጡንቻ ሲያጣ ነው።

ከዝቋላ ከተመለስኩ ወዲህ ከምሠራበት አምስተኛ ፎቅ በአሳንሰር አልወርድም። ዛሬም ይህን ወግ አንብቤ ስጨርስ ደረጃውን እይዛለሁ። እርምጃዬን አሳጥሬ፣ ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ፣ ዓይኔን ሦስት አራት ደረጃ አስቀድሜ እወርዳለሁ፤ አባቴ ያስተማሩኝ እንደዚያ ነውና።