ስንት ኤሌክትሮን ተረፈ? ስንት ጎደለ?

(በወላጆችና ተማሪዎች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ቄሶች፣ ሽማግሌዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ እናንተም ከኋላ የተቀመጣችሁ የክታ ዮድ ልጆች፤ ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ኤሌክትሪክ ነው። በአማርኛ የምንናገረው ደግሞ ለወላጆች ብቻ ብለን አይደለም። በዕብራይስጥ የተማረውን ለእናቱ በአማርኛ ማስረዳት የቻለ ልጅ፣ ነገሩ ገብቶታል። በማታ ጥናት ከምንረዳቸው መካከል «ባለ 5 የሒዶት ፊዚክስ ልተው ነው» የሚል ሲመጣ ቁጭ አድርገን እንጠይቀዋለን። ብዙ ጊዜ የተሰናከለው ከባዱ ሒሳብ ላይ አይደለም፤ እዚሁ በሩ ላይ ነው፦ ቻርጅና የኤሌክትሮን ቁጥር ምን ያገናኛቸዋል?

መጀመሪያ ቃሉን እንለይ። ሁላችንም ስልክ «ቻርጅ» እናደርጋለን። የፊዚክሱ ቻርጅ ግን ሌላ ነው። ዕብራይስጡም አያግዝም፤ የስልኩ መሙያ ማትዔን፣ የፊዚክሱ ቻርጅ ሚትዓን ይባላል፣ ሲጻፉ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ስልክ ሲሞላ ኤሌክትሮን አይጠራቀምበትም፤ በአንዱ በኩል የገባውን ያህል በሌላው ይወጣል። የሚጠራቀመው ጉልበት ነው።

ታዲያ የፊዚክሱ ቻርጅ ምንድን ነው? ኪሳችሁ ውስጥ ያለችውን የ10 አጎሮት ሳንቲም አውጡ። አብዛኛዋ መዳብ ነው። በውስጧ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ለመጻፍ ከ1 ቀጥሎ 24 ዜሮ መደርደር ያስፈልጋል። ቻርጇ ግን ዜሮ ነው! ምክንያቱም የዚያኑ ያህል ፕሮቶን አላት፤ ተቀናናሽ ናቸው። ልጆቻችን የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ «ቻርጁ ዜሮ ከሆነ ኤሌክትሮን የለውም» ይላሉ። ቻርጅ የሚነግረን ኤሌክትሮኖቹ በጠቅላላ ስንት እንደሆኑ አይደለም፤ ከፕሮቶኖቹ በስንት እንደበለጡ ወይም እንዳነሱ ነው።

ምልክቱም ያደናግራል። ኤሌክትሮን የተቀበለ ነገር ቻርጁ ኔጌቲቭ፣ የሰጠ ፖዘቲቭ ይሆናል። የተገላቢጦሽ አይመስልም? ኤሌክትሮንን እንደ ዕዳ ብታዩት ይቀልላል፤ ዕዳ የወሰደ ይጎድልበታል፣ ዕዳ የወረደለት ይተርፈዋል። ፕላስና ማይነስ ብሎ የሰየመው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፤ ያኔ ኤሌክትሮን የሚባል ነገር መኖሩን ማንም አያውቅም ነበር። ቶምሰን ኤሌክትሮንን ያገኘው በ1897 ነው። ስሙ ግን ቀድሞ ተለምዶ ስለነበር እንዲሁ ቀረ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የአንድ ኤሌክትሮን ቻርጅ መጠን 1.6 × 10⁻¹⁹ ኩሎምብ ነው። ይህ እንዴት ታወቀ? ሹክ ሄዳችሁ ብርቱካን በተቋጠረ ፌስታል ተደረደረ እንበል፤ ከፍቶ ማየት አይቻልም፣ መመዘን ብቻ። አንዱ 450 ግራም፣ ሌላው 600፣ ሌላው 1050 መዘነ። ብርቱካኖቹ እኩል ከሆኑ አንዱ 150 ግራም ሳይሆን አይቀርም ትላላችሁ። ሦስት ፌስታል ሊያታልል ይችላል፣ ብዙ ከመዘናችሁ ግን እርግጠኛ ትሆናላችሁ። አሜሪካዊው ሚሊካንም ከ1909 ጀምሮ፣ ከተማሪው ከፍሌቸር ጋር፣ በጥቃቅን የዘይት ጠብታዎች ያደረገው ይህንኑ ነው። የጠብታዎቹ ቻርጅ ሁልጊዜ የአንድ ትንሽ መጠን ብዜት ሆኖ ተገኘ፤ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ፣ እንጂ ሁለት ተኩል የለም። ኤሌክትሮን አይሸረፍማ! በ1923 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ አንዱ ምክንያት ይኸው ሥራ ነበር።

ስለዚህ የተረፈውን ወይም የጎደለውን የኤሌክትሮን ቁጥር ለማግኘት ቻርጁን ለአንዱ ቻርጅ ማካፈል ነው፣ አለቀ። በሱፍ የታሸ ፊኛ 8 ናኖኩሎምብ ኔጌቲቭ ቻርጅ ቢኖረው፣ 8 × 10⁻⁹ ለ1.6 × 10⁻¹⁹ ሲካፈል 5 × 10¹⁰ ይሆናል፤ 50 ቢሊዮን ትርፍ ኤሌክትሮን። በየሰከንዱ አንድ እየቆጠርን ብንጨርሳቸው ከ1500 ዓመት በላይ ይፈጅብናል። ግን ከሳንቲሟ ቁጥር ጋር አስተያዩት፤ ኢምንት ነው። ፀጉር የሚያቆመው፣ በሻራቭ ቀን የመኪና በር ስንነካ ጣታችንን ጠቅ የሚያደርገን ይህችው ኢምንት ልዩነት ናት። ሙሉ 1 ኩሎምብ ቢሆን 6.24 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ኤሌክትሮን ነው፤ ያን ያህል በፊኛ ላይ አይጠራቀምም። ልጆች፣ ፈተና ላይ ለፊኛ 3 ኩሎምብ ከመጣላችሁ ናኖውን ረስታችኋልና ተመለሱ።

እናቶች፣ አባቶች፣ ልጁ «ትምህርቱን ልቀይር» ብሎ ወረቀት ሲያመጣላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት «የቱ ጋ ነው ያልገባህ?» በሉልን። ማታ ማታ እዚሁ ነን።

አሁን ሻዩ እስኪቀርብ ጠረጴዛው ላይ ፊኛና የሱፍ ጨርቅ አለ። ፊኛው 50 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ከሱፉ ከወሰደ፣ የሱፉ ቻርጅ ስንት ነው፣ ምልክቱስ? ልጆች በአማርኛ አስረዱ። እናቶች፣ እስኪገባችሁ እንዳትለቋቸው!